ማሽኑ ቀለለ፣ ግድግዳው ተረሳ

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ዳገቱን መውጣት አልቻለም፤ ድሬዳዋም እዚያው ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ትልቁ ጥገና ቤት ግን ድሬዳዋ ቀረ። የቤተሰቤ እንጀራ የመጣው ከዚያ ጥገና ቤት ነው። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ «አቴሊዬ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ የድሬ ባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛውን ከመፍቻውና ከመዶሻው ጋር አብሮ ተረክቦታልና።

አባቴ ሲቀጠር ብረትን ከብረት የሚያጋጥመው ሪቬት ነበር። የሎኮሞቲቩ ቦይለር፣ የፉርጎው አካል፣ የድልድዩ ክንድ፣ ሁሉም ተበስቶ የጋለ ሪቬት ይገባበትና ከሁለት ወገን እየተቀጠቀጠ ይታሰራል። እሱ ሥራ የጀመረው ሪቬት አቀባይ ሆኖ ነው፤ የጋለውን ብረት በጉጠት ከምድጃው አውጥቶ ለቀጥቃጩ ያደርሳል። በገጠሩ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ግን ሰማያዊ ቱታ የለበሰ የባቡር ሰው ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው። ይህን የማነሳው አባቴ ለሙያው የነበረው ክብር ከየት እንደመጣ እንዲታወቅልኝ ነው፤ ያስተማረኝ ጥንቃቄ ሁሉ የመነጨው ከዚያ ክብር ነበር።

ብየዳ የሪቬትን ቦታ እየወሰደ ሲመጣ ማሽኑም አብሮ መጣ። ስለ ብየዳ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ስለ እሳቱ፣ ስለ ዓይን፣ ስለ በያጁ እጅ ነው። እኔ ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ብየዳ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ቀድሜ የማየው ኃይሉ የሚወጣበትን ሳጥን፣ ከሳጥኑም ይልቅ የተሰካበትን ግድግዳ ነው። የዚህ ሳጥን ታሪክ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳጥኑ እየቀለለ፣ እያነሰ፣ እየረከሰ ሲመጣ፣ እሱን በደህና መትከል የሚባለው ሥራ ባለቤት እያጣ ሄደ። ዛሬ በያጆቻችንን የሚገድለው ይህ ባለቤት ማጣት ነው።

የመጀመሪያው የብየዳ ኃይል ምንጭ አንድ ክፍል የሚሞላ ባትሪ ነበር። በዛሬዋ ዩክሬን የተወለደው ኒኮላይ ቤናርዶስ እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ ውስጥ በባትሪ ላይ በሚሠራ ላቦራቶሪ ሳለ፣ በካርቦን ዘንግና በብረት መካከል አርክ አስነስቶ ብረት አቅልጦ አጋጠመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኦልሼቭስኪ ጋር የፈጠራ መብት አወጣበት። ኮረንቲ የሚያመነጭ ዳይናሞ ባትሪዎቹን ቀስ እያለ ይሞላል፣ ባትሪዎቹ ደግሞ ሲፈለጉ ብዙ አምፔር ባንዴ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1888 ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ፔርም አጠገብ በሚገኝ የመድፍ ፋብሪካ ባትሪውን አስቀርቶ ዳይናሞውን በቀጥታ አገናኘ፤ ካርቦኑንም እየቀለጠ መገጣጠሚያውን በሚሞላ የብረት ዘንግ ተካው። ከዚያ ስዊድናዊው ኦስካር ኬልበርግ ተነሳ። ጎተንበርግ ወደብ ላይ የመርከብ ቦይለር ሲጠግን ባዶው ዘንግ የሚሰጠው ብየዳ በአየር እየተበላ አስቸገረው። ዘንጉን በማዕድን ሊጥ ነክሮ አደረቀውና ሽፋኑ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር ጋረደለት። ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ዛሬ ከየሱቁ በፓኮ የምንገዛው ኤሌክትሮድ የዚያ ዘንግ ልጅ ነው።

በእነዚያ ሰዎች ዘመን ማሽን መትከል የመሐንዲስ ሥራ ነበር። ባትሪውን፣ ዳይናሞውንና ዳይናሞውን የሚያዞረውን ሞተር ከነመቆጣጠሪያ ሰሌዳው አንድ ሰው አስቦ ካላቆመው ብየዳ የሚባል ነገር የለም። ማሽኑ በግዝፈቱ ጥንቃቄን ያስገድድ ነበር።

አባቴ የደረሰበት ማሽን የዚያ ዝርያ ነው። አንድ ሞተር ከሶስት ፌዝ መስመር ኃይል ወስዶ ይዞራል፤ በአንድ ዘንግ የተያያዘው ጀነሬተር ደግሞ አብሮት እየዞረ ለበያጁ ቀጥተኛ ኮረንቲ ያመነጫል። የዚህን ማሽን ደግነት የተረዳሁት ኤሌክትሪክ ከተማርኩ በኋላ ነው። በመስመሩ 380 ቮልትና በበያጁ እጅ መካከል የሚያገናኝ ሽቦ የለም፤ የሚያገናኛቸው የሚዞር ብረት ብቻ ነው። እግሩ በኮንክሪት ተቀብሯል። ከኋላው የብረት ሳጥን ውስጥ የሚዘጋ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። ከአካሉ የሚወጣ እርቃኑን ያለ ወፍራም የመዳብ ጥፍጥፍ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ ዘንግ ይወርዳል። ያንን ሳጥን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው በቀር የሚከፍት ሰው አልነበረም፤ አባቴ እንኳ አይነካውም።

ሆኖም የበያጁ ድርሻ የሆኑ ነገሮች ነበሩ፣ አባቴም እነሱን እንደ ጸሎት አጥንቷቸዋል። አንደኛው የመመለሻው ገመድ ነው። ከማሽኑ ሁለት ገመድ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ኤሌክትሮድ መያዣው፣ ሌላው በቆንጣጭ ወደሚበየደው ብረት። ሰነፍ በያጅ ቆንጣጩን ያገኘው ብረት ላይ ጣል ያደርጋል፤ ሁሉም ብረት ይነካካል ብሎ። ፉርጎ ላይ ይህ ጥፋት ነው። ከላይ አካሉን እየበየዱ ቆንጣጩን ሐዲዱ ላይ ቢያስሩት፣ መቶ ምናምን አምፔር ወደ ሐዲዱ የሚወርደው በአክስሉ ኩሽኔታ በኩል ነው። ኩሽኔታው ውስጥ ብልጭታ ይነሳል፣ የተወለወለው ብረት ይበሳሳል፣ ፉርጎው ወጥቶ መንገድ ላይ ይግላል። ስለዚህ ቆንጣጩ ዝገቱና ቀለሙ ተፍቆ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል። ዛሬ ይህንኑ ለክሬን ገመድ፣ ለመኪና፣ ለሕንፃ ፌሮ ስናገር እውላለሁ። ቆንጣጩ ከላላ ወይም ከራቀ ኮረንቲው ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ያለውን የሌላ መሣሪያ የኧርዝ ሽቦ አግኝቶ ያቃጥለዋል። የግራይንደሩ ኧርዝ ውስጥ ውስጡን ተቃጥሎ መጥፋቱን ማንም አያይም፤ የሚታወቀው በሌላ ቀን ግራይንደሩ ሰው ሲይዝ ነው።

ሌላው የታንከር ፉርጎ ነው። ውሃ የጫነ ታንከር በረሃውን ያቋርጥ ነበር፤ ሲያፈስ ሰው ውስጡ ገብቶ ይበይደዋል። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው፣ ፀሐይ የመታው ታንከር ውስጥ ቱታ ለብሶ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ቱታው በላብ ይርሳል፣ ጓንቱ ይርሳል፤ ጀርባ፣ ጉልበትና ክርን በሙሉ ብረት ላይ ነው። ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን ይመክታል፣ ላብ የነካው ቆዳ ግን በሩን ይከፍትለታል። አባቴ ከስሩ የእንጨት ርብራብና ደረቅ ምንጣፍ ሳይነጠፍ አይገባም ነበር፤ ውጭ ደግሞ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ይቆማል። ያ ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠውም። አለቃ መጥቶ «ይሄ ለምን ይቆማል?» ቢል አባቴ ከታንከሩ ይወጣል እንጂ ሰውየውን አይለቅም።

በያጅ መቼ በኮረንቲ እንደሚያዝ አስተውለው የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። እሳቱ እየነደደ ሳለ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ ከ20 እስከ 30 ቢሆን ነው። እሳቱ ሲጠፋ፣ በያጁ አረፍኩ ባለበት ደቂቃ፣ ማሽኑ ወደ ባዶ ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ከ50 እስከ 80 ይደርሳል። ስለዚህ አደገኛው ሰዓት ኤሌክትሮድ የሚቀየርበት ነው። በእርጥብ ጓንት አዲሱን ዘንግ ይዞ፣ ጀርባውን ብረት ላይ አስደግፎ ወደ መያዣው ሲከት የኮረንቲው ዑደት በደረቱ በኩል ይዘጋል።

ባዶ ቮልቴጁ ለምን ይህን ያህል ከፍ አለ? መልሱ ትራንስፎርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 አካባቢ አሜሪካዊው ሲ. ጄ. ሆልስላግ በተለዋዋጭ ኮረንቲ መበየድን አስተዋወቀ፤ ሽፋን ያለው ኤሌክትሮድ ሲስፋፋም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትራንስፎርመር ወርክሾፑን ሁሉ ወረሰ። የሚዞር ነገር የለውም፣ ቅባት አይፈልግም፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ግን በ50 ሄርዝ የሚሠራ መስመር በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር አርኩ ይጠፋል፣ እንደገናም መነሳት አለበት። ለማስነሳት ከሚነድበት የበለጠ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ብየዳው እንዲሰምር የተጨመረችው ቮልት ናት እጅ ላይ የምትጠብቀው። ዓለም አቀፉ የብየዳ ማሽኖች ደረጃ፣ አይኢሲ 60974፣ ለተለዋዋጭ ኮረንቲ በተለመደ ቦታ 80 ቮልት፣ በጠባብ፣ በእርጥብና በብረት በተከበበ ቦታ ደግሞ 48 ቮልት ብሎ ጣሪያ አበጀለት። ለሁለተኛው ቦታ የሚሆን ማሽን ሰሌዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተከበበች የላቲን ኤስ ፊደል አለችበት። የአባቴ እንጨትና ምንጣፍ የሚነግረውን ነገር ደረጃው በቁጥር ጻፈው።

በደርግ ዘመን ከውጭ የሚመጣ ማሽን ሲጠፋ የሰፈር ባለሙያዎች ራሳቸው መጠቅለል ጀመሩ። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ቆርቆሮውን ለይተው፣ መዳቡን በጥጥ ክርና በቫርኒሽ ሸፍነው፣ በጣውላ ቅርጽ ላይ ዙር እየቆጠሩ የሚጠቀልሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሥራቸውን አደንቃለሁ፤ የዚህ አገር በርና መስኮት፣ የአህያ ጋሪው ሳይቀር፣ የተበየደው በእነሱ ማሽን ነው። ጥሩ አድርጎ የጠቀለለ ሰው ሁለቱን ጥቅል ለያይቶ ያስቀምጣል፤ መስመሩ ከአንዱ ይገባል፣ ብየዳው ከሌላው ይወጣል፣ በመካከላቸው ማግኔት እንጂ ሽቦ የለም። መዳብ ለመቆጠብ አንዱን ጥቅል ለሁለቱም የሚያውል ግን የበያጁን እጅ ከመስመሩ ጋር በሽቦ ያስራል። እሳቱ ሲነድ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ናቸው። ልዩነታቸውን የሚለየው ሜገር የሚባለው የሽቦ ልባስ መፈተሻ ነው፤ በ500 ቮልት ሁለቱን ጥቅሎች፣ ቀጥሎም ጥቅሎቹንና አካሉን ይለካል። ሜገር የሌለው ወርክሾፕ ሜገር ያለውን ሰው ይጥራ፤ ማሽኑ ከመሰካቱ በፊት።

ከዚያ ኢንቨርተር መጣ። ድሬዳዋ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ታይዋን ገበያ፣ ከቴሌቪዥንና ከብርድ ልብስ መሃል ተደርድሮ ነው። ከመስመሩ የሚገባውን 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለውጠዋል፣ እሱንም በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይቆራርጠዋል፤ በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ትራንስፎርመር በእጅ መዳፍ የሚያዝ ቢሆን ይበቃዋል። ሁለት ሰው ሲሸከመው የነበረው ማሽን ከአሥር ኪሎ በታች ወረደ። በያጁ በማንገቻው አንግቶት አራተኛ ፎቅ ይወጣል። የሚያወጣው ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነ እሳቱ የተረጋጋ ነው፣ መስመር ቢዋዥቅም ይታገሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለድሃ ልጅ ሙያ ከፍቶለታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

ኮንክሪቱ፣ የብረት ሳጥኑ፣ የመዳቡ ጥፍጥፍና ያንን ሳጥን የሚከፍተው ሰው ግን ከማሽኑ ጋር ፎቅ አልወጡም።

ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ አንድ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ማቆሚያ ሲበይድ በኮረንቲ ተመትቶ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፣ ክንዱ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው የመጀመሪያ ቃሉ «ቲቸር፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም» የሚል ነበር። እውነቱን ነው፣ ማሽኑ ደህና ነበር። የሕንፃው ሥራ ኃላፊ የሰጣቸው ማራዘሚያ ግን ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ የኧርዝ ሽቦ ከመነሻው የለውም። ከታች ሶኬት ስላልነበረ የሽቦው ጫፍ ተልጦ ከቆጣሪው ስር በቀጥታ ተጠምጥሟል። ፎቅ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ሲጎተት ውሎ ልባሱ ተቀደደና ፌዙ የማቆሚያውን ብረት ነካ። ኧርዝ ቢኖርና ብረቱ ከእሱ ጋር ቢያያዝ ኮረንቲው ወደ መሬት ሮጦ ብሬከሩን ይጥለው ነበር። ያ መንገድ ስላልነበረ ልጁ መንገድ ሆነ። «ሦስተኛዋ እግር፣ ኧርዟ፣ ሳትኖር ለምን ዝም አልክ?» ብዬ አልተቆጣሁትም። ማራዘሚያውን የሰጠው እሱ አይደለም፤ የዕለት ሠራተኛ የተሰጠውን ይሰካል።

አንድ ስሌት ልሥራ፤ ማንም ጣሪያ ላይ ሊሠራው ይችላል። ባለ 3.25 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ140 አምፔር ቢነድ፣ የአይኢሲው ደረጃ ለዚህ አምፔር የሚመድበው ቮልቴጅ 25.6 ነው፤ ይህ ወደ 3.6 ኪሎ ዋት ይሆናል። ማሽኑ የሚያባክነውን ሙቀትና መስመሩን የሚያናውጥበትን መንገድ ስንጨምር ርካሹ ኢንቨርተር ከ220 ቮልት መስመር ከ25 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። የቤት ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር፣ በባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። ስለዚህ ሶኬቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ይቀልጣል፤ ብሬከሩ ሲወድቅ ደግሞ ሰው በትልቅ ብሬከር ይቀይረዋል። ያኔ የሚነድደው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የብየዳ ማሽን የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ከብሬከር ሰሌዳው ተነስቶ ለእሱ ብቻ የሚሄድ፣ ቢያንስ ባለ 4፣ ርቀቱ ወይም ሙቀቱ ሲበዛ ባለ 6 ሽቦ፣ ባለ 32 አምፔር ብሬከርና ሶኬት፣ ከሁሉም በፊት እስከ መሬት ዘንጉ ያልተቋረጠ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ። ማራዘሚያው ከመንኮራኩሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይዘርጋ፤ ተጠምጥሞ ሲቀር ይግላል። ኮረንቲ ሲያመልጥ የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም ይኑር፤ የተማሪዬን ሕይወት አደጋ ላይ የጣለውን ዓይነት ፍሳሽ ወዲያው ይቆርጣል። ነገር ግን ከማሽኑ ወዲህ፣ በኤሌክትሮዱ በኩል ያለውን አያይም፤ ሁለቱ ጥቅሎች የተለያዩ ናቸውና። እዚያ ያለው ጥበቃ ደረቅ የቆዳ ጓንት፣ ያልተሰነጠቀ መያዣና ደረቅ እግር ነው።

በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለ አንድ ቁጥር ደግሞ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ተለይቶ ሊነበብ ይገባዋል። «160 አምፔር፣ 60 በመቶ» ማለት ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን በይዶ አራቱን ማረፍ ነው፤ ይህም የተለካው 40 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ነው። የድሬዳዋ ቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እረፍቱ ይረዝማል፣ ወይም አምፔሩ ዝቅ ይላል። ማሽኑ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ግራይንደር ከሚረጭበት አቅጣጫም ይዙር፤ ማቀዝቀዣው የብረት ብናኝ ሲስብ ውስጡ ሾርት ያደርጋል። ሊከፍተው የፈለገ ሰው መሰኪያውን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃዎች ይታገስ፤ ከ300 ቮልት በላይ ያጠራቀሙ ካፓሲተሮች ነቅለነዋል ስላልን ወዲያው ባዶ አይሆኑም።

ስለ ዓይንና ስለ ጭሱ ብዙ አልልም፣ በያጁ ራሱ ያውቀዋል። ለዚህ አምፔር 10 ወይም 11 ቁጥር መስታወት ይሆናል። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ የሚበይድ ሰው ማታ የሚይዘው ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት በወተት አይከላከሉትም፤ ዚንኩን ፍቆ፣ ነፋስ ባለበት በመበየድ ነው።

እኔ አሁን የምጠይቀው ከበያጁ አይደለም። ሕንፃ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ፌሮ ከማቆሙ በፊት ከቆጣሪው ቀጥሎ ጊዜያዊ ሰሌዳ ያስተክል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ፣ ባለ 32 አምፔር የብየዳ ሶኬት፣ በየሁለት ፎቁ የሚደርስ ባለ ሦስት ሽቦ መስመር።  አሠሪው መሐንዲስ ደግሞ የሥራ መዝገቡን ከመፈረሙ በፊት ዘንጉ መሬት ውስጥ መኖሩን፣ ሽቦው እስከ ላይኛው ሶኬት መድረሱን በመለኪያ ያረጋግጥ። በያጁ ማሽኑን አንግቶ ሲመጣ የሚሰካበት ነገር ቀድሞት ይጠብቀው።